ያልተሳፈርኩበት መርከብ

የዓመት ፈቃዴን የጨረስኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተኝቼ ስልኬ ላይ የመርከብ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ሰመራ ወደ ቢሮ ስመለስ ግን ባልደረቦቼ "የት ከረምክ?" ሲሉኝ፣ "ጅቡቲ። አንድ ቀን ሙሉ በመዝናኛ መርከብ ባሕር ላይ ዋልኩ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ጥንቁቅ ሰው ስለሆንኩ ውሸቱንም በዝርዝር አቀረብኩት። ከቁርስ በኋላ የላይኛው ፎቅ ላይ ተንጋልዬ መጽሐፍ ማንበቤን፣ ያየኋቸው ዶልፊኖች ሦስት መሆናቸውን ሳይቀር ተናገርኩ።

የቢሮው ዘበኛ ጋሽ ሁመድ ቆመው ይሰሙኝ ነበር። "ሦስት ነው ያልከው?" ብለው አረጋገጡ።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ዳጉ የሚባል ልማድ አላቸው። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ዳግም አይታመንም። ይህን አውቃለሁ፤ የእኔ ወሬ እዚያ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በሳምንቱ ጋሽ ሁመድ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ያንተን መርከብ ዳጉ ላይ ተናገርኩ። አንዱ 'ውሸት ነው' አለኝ። ወላሂ ተጣላን! 'ይሄ ልጅ ነጥብ እንኳ አይስትም፣ ውሸታሙ አንተ ነህ' አልኩት፤ ያውም ሰው ፊት።"

"ማንን ነው ጋሽ ሁመድ?"

"ታላቅ ወንድሜን። በር ላይ ቆሟል፤ ና አንተው ንገረው።"

ተከትያቸው ወጣሁ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"እንዴት ነህ አሥራ ሁለት ቁጥር?" አሉኝ። "የሆቴላችንን ክፍል ቁልፍ ይዘህብን ሄድክ እኮ!"