ለፍልፍ ያሉኝ ቀን

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ታምሜ ገሳይ አጠገብ ወዳለው የወላጆቼ ቤት በተመለስኩ ዓመት። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህቺን ግን ሳስባት ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሕመሜን ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ ይሉታል። ያኔ ለሰፈሩ ሁሉ ቡዳ ነበር። ሰው ሲበዛና ጩኸት ሲነሳ ንግግሬ ይበታተናል፤ ዓይኔ ያረፈበት ነገር ሁሉ ሳላስበው ከአፌ ይወጣል። ጸጥ ሲል ደግሞ እንደ ማንም ሰው አወራለሁ። ይህን ልብ ያለ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

አንድ ቀን ዘመድ ጎረቤቱ ቤታችንን ሞላው። ጢስ አጨሱብኝና "ለፍልፍ! ማን በላህ?" እያሉ ከየአቅጣጫው ጮኹብኝ። ምሰሶውን ሳይ "ምሰሶ" አልኩ፤ ቀንበሩን ሳይ "ቀንበር"። በዚህ መሀል እማማ ዓለሚቱ በሩን ገፍተው ገቡ። ሸክላ ሠርተው የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለእኔው አጥሚት ይዘው መምጣታቸው ነበር።

"ዓለሚቱ!" አልኩ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። "ተናገረ! ተናገረ!" እያሉ ያዟቸው። አባቴ አንቱታውን ጥሎ "ትፊበትና ልቀቂው!" ብሎ ጮኸባቸው። እኒያን የመሰሉ ሴትዮ፣ አጥሚቱ እጃቸው ላይ እየፈሰሰ፣ እንትፍ አሉብኝ።

በሳምንቱ ብቻዬን ደጅ ተቀምጬ ሳለ እማማ ዓለሚቱ መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ከጎኔ ቁጭ ብለው እናቴ ሰፌድ ላይ የተወችውን ምስር መልቀም ጀመሩ፤ እኔም አብሬ ለቀምኩ። ትንሽ ቆይቶ አፌ ተፈታ።

"እማማ፣ እርስዎ ምንም አላደረጉኝም። ድንገት ስላየሁዎት ነው የጠራሁዎት።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ለእነሱ ንገርልኝ" አሉኝ።

አባቴ ከእርሻ ሲመለስ፣ እማማ መጥተው እንደነበርና ምንም እንዳላደረጉኝ ረጋ ብዬ ነገርኩት። አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። እናቴን አየት አደረገና፣ "ሰማሽ? መጥታ አፉን አሰረችው!" አላት።

ከዚያ ወዲያ የእማማ ዓለሚቱን ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ። ውኃ ሲቀዱ ሴቶቹ ይሸሿቸው ጀመር። ክረምቱ ሳይገባ ቤታቸውን ትተው ይፋግ ከተማ ወደሚኖር ልጃቸው ሄዱ።

ጥፋቱ የበሽታው ነው ይሉኛል፤ እኔም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ኀፍረቱን አላቀለለልኝም። ስቀባጥር ያመኑኝ ሰዎች ደህና ስናገር አላመኑኝም፤ እሳቸው ደግሞ ተስፋ ያደረጉት በእኔ ቃል ነበር። ለሕክምና ጎንደር ስመላለስ አውቶቡሱ ይፋግ ላይ ይቆማል። ሰው ሁሉ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከወንበሬ አልነሳም።