ከእንስራው ሥር የነበረው ጠርሙስ

ጠብታው ዓይኔ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ያቃጥላል። ቅዝቃዜው አንድ ትንፋሽ አይሞላም። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ግን እርጥብ አሸዋ ይሸተኛል፤ ከእንስራ በሚንጠባጠብ ውሃ የራሰ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ።

ባለፈው ወር መድኃኒቱን የሸጠችልኝ ልጅ፣ በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን፣ ሁሉንም ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ብቻ። የጠርሙሱ አፍ ዓይንዎን እንዳይነካ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫዎ በኩል ያለውን ጥግ በጣትዎ ጫን አድርገው ይያዙ። ምንም ባያምዎትም አንድ ቀን እንዳያቋርጡ።» መጨረሻ ላይ እየሳቀች፣ «ደግሞ ለጎረቤት እንዳያውሱ» አለችኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አንቺ ለእናትሽ ሙት ዓመት የሚነበብ ጥቂት ቃል ጻፊልኝ ብለሽኛል። «እናቴ እናትሽን እንዴት እንዳስታመመቻት የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብለሽ። አዎ፣ የማውቀው እኔ ነኝ። የምጽፈው ግን ሰው ፊት የሚነበብ አይደለም። ለብቻሽ አንብቢው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አንቺ አልተወለድሽም። ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ማዶ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። አባቴ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ይሠራል። እናቴ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ለመጋላ ሴቶች ሽቲ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ትሰፋለች። እናትሽ፣ ማለት የአባቴ እህት፣ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበረች። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ግን ያለ ማኅበርም ሊቀመንበር ነበረች። ማን በየትኛው ቀን ልብስ እንደሚያሰጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚታረቅ የምትወስነው እሷ ናት።

እናቴ ግራ ዓይኗ ሲጠፋ አላወቀችም። ግላኮማ፣ ዛሬ እኔንም የያዘኝ የዓይን ግፊት፣ እንደዚያ ነው፤ ሳያም ይወስዳል። አንድ ቀን ቀኝ ዓይኗ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ገብቶባት በመዳፏ ስትሸፍነው ነው ቀኑ የጨለመባት። ሐረር ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። የግራው አልፏል፣ የቀኙን እናድን ብሎ በቀን አራት ጊዜ የሚደረግ ጠብታ አዘዘላት። መድኃኒቱ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም። ጅቡቲ የሚመላለሱ ጎረቤታችን ነጋዴ ሴት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው፣ በባቡር ያመጡልን ነበር፤ ጠርሙሱን ፔርሙዝ ውስጥ፣ በረዶ መሃል አድርገው። እናቴ የጉምሩክ ፈታሾች እንዳይወስዱባቸው ስትሰጋ፣ «አብሽሪ አቦ!» ይሏታል። «ፊናንሱ ሽቶ ነው የሚፈልገው። ያንቺ ዓይን ምን ያደርግለታል ወላሂ!»

ማቀዝቀዣ አልነበረንም። የድሬ ሙቀት ደግሞ መድኃኒት ያበላሻል። አባቴ ከደቻቱ አሸዋ አምጥቶ ከእንስራው ሥር ሞላ፤ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለን እዚያ እንቀብረው ነበር። የምጨምርላት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እሷ ራሷ ስትሞክር ግማሹ ጉንጯ ላይ ይፈሳል። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ትጋደምልኛለች፤ ጸጉሯ የመኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ጠብታው ሲያርፍባት ፊቷ ይጨማደዳል። «እሳት ነው እኮ!» ትላለች። ከዚያ የዓይኗ ብሌን እየጠበበ ይሄድና የመርፌ ቀዳዳ ያህላል፤ ሁሉ ነገር ስለሚደበዝዝባት ለጥቂት ጊዜ ስፌት አትነካም።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ሲበረታ ዓይነ ማዝ ገባ። የግቢው ልጆች ጠዋት ሲነሱ ዓይናቸው ተጣብቆ እየዳበሱ ይወጣሉ። አንድ ቀትር ላይ፣ እናቴ የሰፋችውን ልታደርስ ከዚራ ሰፈር ሄዳ ሳለ፣ እናትሽ ልጆቹን በግድግዳው ጥላ አሰልፋ ጠርሙሱን ከአሸዋው አወጣች።

«እትዬ፣ እሱ የእማዬ ነው» አልኳት።

«የዓይን መድኃኒት አይደል? ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ ጉልበት ነው?» አለች የአንዱን ልጅ ቅንድብ ወደ ላይ ስባ እያሳየችኝ። ሰዉ ሳቀ። «መድኃኒት ለጎረቤት ይከለከላል? ስስታም! ነይ ጭንቅላታቸውን ያዢ።»

ያዝኩ። ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። የጠርሙሱ አፍ ከአንዱ መግል ወደ ሌላው ሽፋሽፍት እየነካ አለፈ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ለሚያለቅሰው ሦስት። እናቶቻቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቋት። ጥቂት ቆይቶ አንድ ትንሽ ልጅ ፀሐይ መሃል ቆሞ፣ «መሸ እንዴ? ምሳ አልበላሁም እኮ!» ብሎ ሲጮህ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። አዴ ከጅቡቲ የሚመለሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እናትሽ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ለአፍታ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። ከዚያ እኔ እያየሁ ክፍሏ ገብታ፣ ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ፣ ከማንቆርቆሪያው የቀዘቀዘ ውሃ ሞላችበት። አሸዋው ውስጥ ስትመልሰው ክንዴን ያዘችኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ትደነግጣለች፤ ድንጋጤ ለዓይን አይበጅም። ሦስት ሳምንት ምን አላት?»

ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ ለራሴ ስነግር እዚህ ላይ አቆም ነበር። እናትሽ ውሃ ሞላች፣ እናቴ ታወረች፣ በቃ። በየሠርጉና በየለቅሶው እናትሽ እናቴን እየመራች ስትገባ፣ «የባል እህት እንዲህ ትሁን!» ሲባልላት፣ ጥርሴን ነክሼ የቆየሁት በዚህ ነው። ግን ያንን ውሃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗ ውስጥ የጨመረው ማነው? በቀን አራት ጊዜ።

የመጀመሪያው ቀን ፊቷ አልተጨማደደም። «ዛሬ እኮ አላቃጠለኝም» አለች። «እጅሽ ሥራውን ለመደ ማለት ነው፤ እሰይ የኔ ልጅ!» ጠርሙሱን አሸዋው ውስጥ መለስኩ። ብሌኗም አልጠበበም። ወዲያው ተነስታ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፤ ድምፁ እስከ ማታ አልተቋረጠም። ደስ ብሏት ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ስትመርቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቀኝ ዓይኗ ቀልቶ መግል ቋጠረ። አምፖሉን ቀስተ ደመና ከበበው ትላለች። ራሷን እየወቀራት ታስመልሳለች። አዴ አዲሱን ጠርሙስ ይዘው ሲደርሱ እናቴ ፔርሙዙን በዳበሳ ነው የተቀበለቻቸው። አዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሐረር ስንሄድ እናትሽም አብራን ሄደች። ሐኪሙ ከግፊቱ ይሁን ከመግሉ ለይቶ አልነገረንም፤ የጠፋው አይመለስም ብቻ አለ። ከዚያ፣ «መድኃኒቱ ተቋርጦ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድም ቀን!» አለች እናትሽ።

አባቴ እኔን አየኝ። እናቴም የማያይ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ የግድግዳውን ቀለም በጥፍሬ እየላጥኩ ነበር። መላጡን ቀጠልኩ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት ድሬ አጠገብ መልካ ጀብዱ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፣ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠን መኪና እንጠብቅ ነበር። አባቴ ሞቷል። እናትሽ በሕይወት ነበረች።

«ያ መድኃኒት ውሃ እንደነበር አውቄ ነበር» አለች እናቴ፣ ድንገት።

«ከመጀመሪያው ቀን። የሚለበልብ ነገር መለብለቡን ሲተው አይታወቅም እንዴ?» ሳቅ አለች። «አፍስሰሽው ነው አይደል? አፍስሰሽው ደንግጠሽ ውሃ ሞላሽበት። ብናገር አባትሽ ቀበቶውን ያነሳል። አዴ እስኪመጡ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ያን ጊዜ የእናትሽን ስም መጥራት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነው። ነገር ግን ስሟን ብጠራ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ «አንቺስ ታውቂ ነበር?» የሚል ነው። ማፍሰስ የልጅ ጥፋት ነው። ይቅር ብላኛለች፤ ይቅር ያለችው ግን ያላጠፋሁትን ነው።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «አፍስሼው ነው።»

በጣቶቿ ፊቴን ፈልጋ አገጬን ያዘች። «ድሮም ችኩል ነሽ። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክመሽው ኖርሽ፣ የኔ ሞኝ።» ከዚያ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ቀና አደረገች። «መኪና መጣ መሰለኝ። ሩጪ፣ በመስኮት በኩል ቦታ ያዢልኝ።»

በመስኮት በኩል አስቀመጥኳት። ድሬ እስክንገባ ድረስ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ሄደች።