የተፋቀው ጠባሳ

እስከ ዛሬ ሰው «እጅህ ይባረክ» ሲለኝ ፊቴን አዞራለሁ። በጃንሆይ ዘመን ዲላ ላይ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ይህችን ምርቃት ለመስማት ስል የማልሠራው ቆሻሻ ሥራ አልነበረም።

በልምምድስ አልታማም። በየጠዋቱ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የተበላሸ ፊልም ይዤ እጄን አፍታታለሁ። የፊት መጨማደድ ፊልሙ ላይ በሹል እርሳስ ሲነካካ ይጠፋል፤ ጠባሳ ደግሞ በምላጭ ጫፍ ይፋቃል። መጀመሪያ የስንቱን ጉንጭ አበላሸሁ። ዓመት ሲሞላኝ ግን ሽማግሌውን ሁሉ ሙሽራ አደርገው ጀመር። የሠራሁትን በር ላይ ካለው ሰሌዳ እሰቅላለሁ፤ በገበያ ቀን ሰው ተሰብስቦ «እንዴት አድርጎ አሳመረው እባክህ» ሲባባል ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። በሳምንቱ የባሰ እፍቃለሁ። ኤዲያ፣ ይህን ነበር መሻሻል የምለው።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ታማሚ እናቱን በፈረስ አስቀምጦ ከቡሌ ደጋ ወረደ። እናትየዋ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። «ሳያመልጡኝ መልካቸው ይቀመጥልኝ ብዬ ነው» አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። የከተማ ሰው ነኛ! ሳስበው ራሴን እጸየፋለሁ።

አሮጊቷ ከጆሮ ግንዳቸው እስከ አገጫቸው የወረደ ነጣ ያለ ጠባሳ ነበራቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ስፍቅ፣ መጨማደዳቸውን በእርሳስ ስሞላ ሰነበትኩ። ከዚያም ልጃቸው ሳያየው ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩት። አላፊ አግዳሚው አደነቀ። ልጃቸው ሊወስድ ሲመጣ ፎቶውን ትክ ብሎ አየው፣ «ጌታ ይባርክዎት» አለና ሄደ። ይሉኝታ ይዞት ኖሯል፤ እኔ ግን ያደነቀኝ መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ መጣ። እናቱ ሞተዋል። ለቅሶው ላይ ፎቶውን በርጩማ ላይ አቁመውት ኖሮ፣ ሩቅ አገር ተድራ የነበረችው እህቱ ስትደርስ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ፎቶውን ከበርጩማው አውርደው የእናታቸውን ጋቢ ይዘው አለቀሱ። ፎቶ የሌለው ሰው እንደሚለቀሰው ማለት ነው።

«ያልተነካካው ፎቶ የለም ወይ?» አለኝ። «እህቴ ሕፃን ሆና ያንን ጠባሳ እየዳበሰች ነበር የምትተኛው። አሁንም እሱን ነው የምትፈልገው።»

ፊልሙን አወጣሁ። በእርሳስ የሞላሁትን በጥጥ ጠረግኩት፤ መጨማደዱ ተመለሰ። ወደ ብርሃን አቅንቼ አሳየሁት። ለአፍታ ፊቱ ፈካ፤ ከዚያ በጣቱ የእናቱ ጉንጭ ላይ ፈለገ። እዚያ ቦታ ጠባሳው አልነበረም። በምላጭ የተፋቀ እንደማይመለስ ነገርኩት።

«ለምን ፋቁት?»

«እንዲያምሩ ብዬ ነው።»

አልተቆጣም።

«ጌታዬ፣ እናቴ አስቀያሚ ናቸው አልኩዎት እንዴ?»