ድሩ ያለበት ፎቶ

ያለፈው ሳምንት ሰኞ የፎቶ ክበባችን መምህር አስጠሩኝና «ያንቺ ፎቶ ተመርጧል፤ የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ነው የምንሰቅለው» አሉኝ። ከቢሮ ስወጣ እየሄድኩ ይሁን እየዘለልኩ እኔም አላውቅም። ዘንድሮ ያነሳሁት እንዳይመስላችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ፣ በአባቴ ስልክ ያነሳሁት ነው።

ያኔ እማዬ አራስ ነበረች። የተወለደችው ከዓባያ ሐይቅ በላይ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ ነው፤ አርባ ምንጭ ከገባች ወዲህ ግን ሱቁም ልጁም ይዟት ወደዚያ መውጣት አልሆነላትም። አጎቴ እኔን ይዞ ለእሷ ቅቤ ሊያመጣ ወደዚያ ሲነሳ የአባቴን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ዓባያን ከእኛ ሰፈር ሆነሽ አንሺልኝ። ከላይ ሲታይ ሌላ ነው፤ በጣም ናፍቆኛል» አለችኝ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ጫኖ ላይ የሙዙን ቅጠል፣ ላንቴ ላይ ውሃ የጠጣውን ማሳ፣ ብቻ ያየሁትን ሁሉ አነሳሁ። በመኪናው መስኮት የሚገባው የረጠበ አፈርና የበሰለ ማንጎ ሽታ እንኳ በፎቶ የሚያዝ መስሎኝ ነበር። አጎቴ «ኧረ ቆጥቢው፤ ለእናትሽ ሳይተርፍ ባትሪው ያልቃል» ቢለኝም ማን ይሰማዋል። ዳገቱ አልቆ ከመኪናው ስወርድ ባትሪው ቀይ ያሳይ ነበር።

ሐይቁ ከታች ተዘርግቷል፤ ቀላ ያለ፣ ዝም ያለ። ችግሩ፣ አንድ ሸማኔ መንገዱ ዳር ችካል ተክለው፣ ድር ወጥረው ወዲያ ወዲህ ይመላለሳሉ። ነጩ ክር ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ከልሎብኛል።

«አባባ፣ እሱን ትንሽ ዞር ያደርጉልኛል?» አልኳቸው።

አጎቴ ሳቁ አመለጠው። «ይቅር ይበሏት፣ የከተማ ልጅ ናት። የልብስ ማስጫ ገመድ መስሏት ነው።»

«እሱን ካነሳሁትማ ተወሳስቦ ልጅሽ እስክትዳር አይፈታም» አሉኝ ሰውየው እየሳቁ። «አንቺ ዝቅ በይ።»

ጉሙ ከታች እየወጣ ነበር። ተንበረከክሁ፣ ተጫንኩት፤ ስልኩ ጠፋ።

ቤት እንደገባን ወደ ሶኬቱ ሮጥኩ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እስኪበራ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፎቶው አለ፤ ግን በሐይቁ ላይ ክር፣ በክሩ ጫፍ ደግሞ የሰው እጅ። አበላሸሁት ብዬ ላለቅስ ስል እማዬ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «ይሄ የጋሽ ማልዴ እጅ ነው» አለች። «አውራ ጣቱ የተጣመመው እኔ ልጅ ሆኜ ነው።» ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ቢያለቅስም የሰማችው አልመሰለኝም።

ዛሬ የራሴ ስልክ አለኝ፤ እንዳሻኝ አነሳለሁ። ያኔ ሰው ዞር እንዲልልኝ እለምን ነበር፣ አሁን ግን አገሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ሰው እስኪገባበት ቆሜ እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ፎቶውን አሳጥቤ ለጋሽ ማልዴ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት።

«እኔስ የታለሁ?»

ጣታቸውን አሳየኋቸው።

«ይቺን ብቻ?» ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ለሚያዩት ሁሉ ንገሪልኝ። የቀረውን ሰውዬ ማየት የፈለገ ቤቴ ይምጣ።»

ይኸው ነገርኳችሁ። ኑ።