ጊፋታ ሲደርስ ማን ምን ይሠራል

ዛሬ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፕሮግራሚንግ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ትእዛዝ ብቻ ጻፉ። ትእዛዙ የሚደርሰው እያንዳንዱ ኦብጀክት፣ ማለትም የፕሮግራሙ አካል፣ በራሱ መንገድ እንደሚፈጽመው፣ የትኛው አፈጻጸም እንደሚመረጥም ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ እንደሚወሰን አስረዱን። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ግንባሯን ቋጠረች። እኔ ግን ፈገግ አልኩ። ይህን ነገር ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሶዶ ቤታችን ጓሮ፣ የእንሰት ሽታ እየሸተተኝ ተምሬው ነበር።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክለብ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ምክትል ርእሰ መምህሩ ክፍሏን ለስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጓት ነበር። ከጊፋታ በዓል በኋላ ክለቦች ሥራቸውን በሚያሳዩበት ቀን የሚረባ ነገር ካላቀረብን እንደሚወስዷት ነገሩን። ሰብሳቢዋ እኔ ስለነበርኩ ጭንቀቱም የኔ ሆነ። ስለ ጊፋታ፣ ስለ ወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ፤ አንድ ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ ላይ "ጊፋታ ደረሰ" ይላል፣ የቤተሰቡም አባላት ሥራቸውን ይጀምራሉ።

አሠራሬ የዋህ ነበር። እናት ከሆነች ቅቤ ታንጥር፣ ልጅ ከሆነ እንጨት ይፍለጥ፣ ከነዚህ ውጭ ከሆነ በሬ ይጎትት እያልኩ ሁሉንም አንድ ቦታ ደረደርኩት። ጓደኛዬ ታሪኩ ለሙከራ ሙሽራ ሲጨምርበት፣ ሙሽራዋ ከነቬሏ ገመድ ይዛ በሬውን ትጎትት ጀመር።

"ይቺን ያገባ ሰው ሥጋ አያጣም" አለ ታሪኩ ሆዱን ይዞ።

እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሰው በተጨመረ ቁጥር የደረደርኩትን ሁሉ መነካካት ነበረብኝ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ቀኑ ቀረበ፣ ፕሮግራሙም እንደተበላሸ በዓሉ ደረሰ።

በዋዜማው እናቴ በር ላይ ቆማ "ጊፋታ ደረሰ እኮ" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ወደገዙት በሬ ሄደ፤ ወንድሜ መጥረቢያውን አነሳ፤ እናቴም ሙቹዋ የሚባለውን የበዓል ምግብ ለመሥራት ቆጮዋን ማዘጋጀት ጀመረች። በቅርቡ ወንድሜን አግብታ ከሁምቦ የመጣችው አበበች ቤታችን ውስጥ ስታከብር የመጀመሪያዋ ነበር። ማንም ምንም አላላትም። ራሷ ቃሪያውን ሰብስባ ወፍጮ ድንጋዩ ፊት ተቀመጠች፤ ብዙም ሳይቆይ የዳጣው ሽታ ዓይናችንን አስለቀሰው።

ማን ዳጣ አዘጋጂ እንዳላት ጠየቅኳት።

"ማን ሊነግረኝ? ጊፋታ ሲባል የኔ ሥራ ዳጣ ነው። ይልቅ ቆመሽ ከምታዪኝ ነጭ ሽንኩርቱን ላጪልኝ።"

ነጭ ሽንኩርቱን በእጄ እንደያዝኩ ገባኝ። እናቴ የማንንም ሥራ መዘርዘር አላስፈለጋትም። ጥሪው አንድ ነው፤ ሥራውን የሚያውቀው የተጠራው ሰው ነው። አዲስ ሰው ሲመጣም ሥራውን ይዞ ይመጣል። በዓሉ እንዳለፈ አንድ ቦታ የደረደርኩትን በሙሉ አጥፍቼ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ ውስጥ ጻፍኩለት።

በማሳያው ቀን ምክትል ርእሰ መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው ተመለከቱ። በሬው ተጎተተ፣ ቅቤው ተነጠረ፣ ሙሽራዋም ዳጣዋን ፈጨች። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

"አያት የሉበትም" አሉ። "አያት የሌሉበት ጊፋታ ምን ጊፋታ ነው? እስቲ አሁን ጨምሪ።"

አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየኛል። አያትን ጻፍኩ፤ ሥራቸው መመረቅ። ሌላውን አልነካሁም። ቁልፉን ስጫን ስክሪኑ ላይ ሁሉም በየሥራው ተሰማራ፤ በመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከኋላ አንድ ሰው "አሜን" አለ። አዳራሹ ተከተለው። ምክትል ርእሰ መምህሩም "አሜን" አሉ፤ ቀጥለውም ለኳሶቹ ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ታሪኩ ጀርባዬን የደበደበኝ እስካሁን የሚያመኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ክለቡን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ፕሮግራሙን አስፋፍተውታል። ከጻፍኩት አንድ መስመር ሳይነኩ ከዩኒቨርሲቲ የምትመጣ እህት ጨምረውበታል፤ ሥራዋ ሁሉም ካለቀ በኋላ ደርሳ መብላት ነው። ፕሮግራሙን መጀመሪያ ማን እንደጻፈው አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። አንድ ነገር ያለ እኔ ማደጉን ማየት እንዲህ እንደሚያኮራ ግን አላውቅም ነበር።