አምስተኛዋ ጆንያ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባቴ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ በሚገኝ የነጋዴ መጋዘን ውስጥ የዕቃ አሳንሰር ያንቀሳቅሱ ነበር። አሳንሰሩ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የብረት ሳጥን ነው። ሕንፃው ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ ስኳሩ የሚጫነው በመንገዱ በኩል ሲሆን ከሳጥኑ ሥር የሁለት ፎቅ ጉድጓድ ነበር። አባቴ ስኳሩን ጭነው አብረው ይገቡና እጀታውን ስበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሳጥኑ አምስት ጆንያ ይይዛል፤ እሳቸው ግን ከአራት አያሳልፉም።

«ሲነሳ ይከብዳል፤ ጉልበቴ ያውቀዋል። አምስተኛዋ ትቅር» ይላሉ።

የመጋዘኑ አለቃ «ለአድባር ነው የምታስቀራት?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። አንድ ክረምት ግን ማሾፉን ተወና ቁርጡን ነገራቸው፤ ወይ አምስት ይጭናሉ፣ ወይ ሥራውን ይለቃሉ።

እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስን አባቴ ወደ እኔ መጡ። አምስት ኪሎ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር፤ ከሰፈራችን ሴት ልጆች እዚያ የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም ላገኙት ሁሉ ይናገሩታል።

«የመጋዘኑ መካኒክ የአሳንሰሩ ገመድ ስምንት ኩንታል ይችላል ብሏል። እስቲ ሒሳቡን ሥሪልኝ።»

ደመርኩ። ሳጥኑ ሁለት ኩንታል፣ ስኳሩ አምስት፣ አባቴ ስልሳ ኪሎ። ስምንት አልሞላም። ይችላል አልኳቸው።

«ሲነሳስ?»

ሳቅኩባቸው። «አባባ፣ ክብደት ያው ክብደት ነው፤ ቢቆምም ቢነሳም አይጨምርም። ጉልበትዎ አርጅቶ ነው።»

እሳቸውም «እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ» ብለው ደብተሬን ዘጉልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አምስተኛዋን ጫኑ። ሳጥኑ ቆሞ ሳለ ገመዱ ችሎት ነበር። እጀታውን ሲስቡ ተበጠሰ። አባቴ ከነስኳሩ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ፤ ወገባቸው ተሰብሮ ከዚያ በታች ያለው አካላቸው በድን ሆነ።

ሦስት ወር ሳይሞላ የፊዚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አሳንሰር ሣለ። ቆሞ ሳለ ገመዱ የሚሸከመው ክብደቱን ብቻ ነው አለን፤ ወደ ላይ ሲነሳ ግን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨመርበታል። ለምሳሌ የሰጠን ጭማሪ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነበር። በዚያው ሒሳብ የአባቴን ጭነት ሠራሁት። በአምስት ጆንያ ከስምንት ኩንታል ያልፋል፤ በአራት ጆንያ ሰባት ተኩል እንኳ አይሞላም። አባቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ልክ ነበሩ፤ እኔ ደብተር ይዤ ሰበርኳቸው።

ልነግራቸው ቆርጬ ወደ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው አጠገብ ጠያቂ ተቀምጧል።

«ልጄ እንኳ ሒሳቡን አሳምራ ሠርታልኝ ነበር» ይሉታል፣ የማይሰማቸውን ጉልበት በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ። «ይሄ ነው ሲያታልለኝ የኖረው። ገመዱም ቢሆን ብልሹ ነበር። አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ነው፣ አባባ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም ይህንኑ እመልሳለሁ።