የጨቅላዎቹ ክፍል ቧንቧ

የላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩት አርባ ምንጭ ውስጥ፣ አሁን በተዘጋ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ነው። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋን ሁላችንም «ሲስተር» እንላቸው ነበር። ከሰሜን በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። «እጅሽን ታጠብሽ?» ሳይሉኝ በክፍሉ በር አልፌ አላውቅም።

አንድ ሰሞን ሕፃናቱን ተራ በተራ ያተኩሳቸው ጀመር። አንዱ ሞተ። ከከተማው አጠገብ ካለችው ጫኖ የመጣች እናት ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘቻት ልጅም ታመመች። የሁለቱን ደም ስመረምር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አገኘሁ። መሣሪያውን ፈተሽን፣ መድኃኒቱን ፈተሽን፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ከእጅ መታጠቢያው ውሃ ስቀዳ ሲስተር አዩኝ።

«ልጄ፣ የምንጭ ውሃ እኮ ነው!» ብለው ሳቁ።

እኔም ከልቤ አልጠረጠርኩትም። በዚህ ከተማ በውሃው የማይኮራ ማን አለ?

ከሁለት ቀን በኋላ ውሃውን የዘራሁበትን የናሙና ሳህን ስከፍት ያው ባክቴሪያ አረንጓዴ ሆኖ በቅሏል። ሄጄ ነገርኳቸው። ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«በዚህ እጄ ነዋ በሽታውን የሰጠኋቸው?»

«ቧንቧው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው።

የቧንቧ ሠራተኛው ዝምተኛ የዶርዜ ሰው ነበር። ግድግዳውን ሰብሮ መስመሩን ሲከተል ድሮ ወደተዘጋ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወሰደው። «ውሃው መሄጃ አጥቶ እዚህ ተኝቷል» አለን። የቆረጠው ቧንቧ ውስጡ በሚያዳልጥ ዝቃጭ ተሸፍኗል። መስመሩን ዘጋው፤ የሆስፒታሉን የውሃ ታንከር አጥቦ ክሎሪን ጨመረበት።

ቧንቧው እስኪታደስ ውሃ እያፈላን በባልዲ እናመላልስ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጫኖዋ እናት የቀዘቀዘውን በጣሳ ታስታጥበናለች። ሲስተር ክርናቸው ድረስ ሳሙና ተቀብተው «ጨምሪ፣ ጨምሪ» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ቆዳዎ ሊላጥ ነው እኮ!» ትላቸዋለች። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል እንስቅ ነበር። ቀስ በቀስ ትኩሳቱ በረደ፤ አዲስ የታመመም አልመጣም።

ቧንቧው ታድሶ እንደገና የቀዳሁትን የውሃ ናሙና ሳህን ሲስተር ራሳቸው ካላየሁ አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላበጡት።

«ምንም የለም?»

«ምንም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ስለሞተው ልጅ መሆኑ ገብቶኝ አጠገባቸው ቆምኩ።

የጫኖዋ እናት ልጇን አዝላ ወጣች፤ በሳምንቱ ተመልሳ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ጥላልን ሄደች። ሲስተር ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል። እኔ አሁን በምሠራበት ሆስፒታል የውሃ ናሙና በየጊዜው ይወሰዳል፤ ማንም አይስቅብኝም። የተሳፈርኩበት ባጃጅ በዚያ በተዘጋው ሆስፒታል ግቢ በኩል ሲያልፍ ግን አንገቴን አዙሬ አያለሁ። ልጅ የሞተበትን ሰሞን መናፈቅ ያሳፍራል። እኔ ግን እነዚያ ጠዋቶች ይናፍቁኛል።